ፍሬን፣ ሙያና አማና

 

እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ መካኒክ ነኝ። ለዓመታት የቤት መኪና ስጠግን ቆይቼ ከጥቂት ወራት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ የአየር ፍሬን ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬአለሁ። ብዕር ያስነሳኝ፣ ይህ ሥራ ከዲናችን ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ በየቀኑ ማየቴ ነው።

በሱረቱል ቀሰስ የተተረከውን የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከፊርዐውን ሸሽተው መድየን ሲደርሱ የሁለት እህትማማቾችን መንጋ አጠጡላቸው። ከሁለቱ አንዷ አባቷ እንዲቀጥሯቸው ስትጠይቅ ያቀረበችው ምክንያት ብርታታቸውንና ታማኝነታቸውን ነበር። እኔም ስቀጠር ብርታቴን በፈተና አዩት፤ መኪና ሰጥተው አስፈቱኝ፣ አስገጠሙኝ። ታማኝነቴን ግን በምን ይለኩታል?

ሥራውን ላላወቀ ትንሽ ላስረዳ። በቤት መኪና ላይ ፍሬን የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። በከባድ መኪና ግን በታመቀ አየር ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ኮምፕሬሰር አየሩን ወደ ታንኮች ይሞላል፤ ግፊቱ በብዙዎቹ 8 ባር አካባቢ ነው። ሾፌሩ ሲረግጥ አየሩ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ብዙ ሰው አየር ካለቀ መኪናው ይለቀቃል ብሎ ያስባል። በአብዛኞቹ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የኋላ ጎማዎች ላይ ያለውን ጠንካራ ሞላ ጨቁኖ የሚይዘው አየሩ ስለሆነ፣ አየሩ ሲያልቅ ሞላው ተለቆ ፍሬኑን ይይዛል። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሸራው ያለቀ ወይም በትክክል ያልተጠበቀ መኪና ጭነት ይዞ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ታምቡሩ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረግጡትም አይዝም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ያለው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት የሚወርዱት ሾፌር፣ ረዳትና ከፊታቸው ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ ሁሉ፣ ጋራዥ ውስጥ ታምቡር ሲከደን ያላዩ ሰዎች ናቸው። ከተከደነ በኋላ ውስጡን የሚያውቁት አላህና የከደነው ሰው ብቻ ናቸው።

ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ተምረናል። የፊቅህ መጻሕፍትም የእጅ ባለሙያ ስለሚኖርበት ተጠያቂነት ሰፊ ምዕራፍ አላቸው። እንግዲህ ሞላ ያለበትን የፍሬን ክፍል ሞላውን በብሎን ሳያስር የሚፈታ ጀማሪ ራሱን ሊገድል እንደሚችል ይወቅ። አላውቅም ማለት ነውር አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ዕቃ እንድገዛ ተልኬ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ነጋዴው ሒሳቡን ተቀብሎ፣ «ደረሰኙ ላይ ስንት ልጻፍልህ?» አለኝ። የከፈልኩህን አልኩት። «አዲስ ነህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከእኔ በፊት የመጣው ሁሉ የለመደው አሠራር ስለሆነ ነው። ኮሚሽን ይሉታል፣ የሻይ ይሉታል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት አንድ ሰው ተመልሶ፣ ይሄኛው የእናንተ ነው፣ ያኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው ባለ ጊዜ፣ ሚንበር ላይ ወጥተው ነገሩን አወገዙ። በወላጆቹ ቤት ቁጭ ብሎ ቢሆን ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ያ ነጋዴም ቤቴ ድረስ መጥቶ የሻይ አይሰጠኝም። ቅናሽ ካደረገ ቅናሹ ገንዘቡን አምኖ የላከኝ ሰው ነው።

«ደመወዙ አይበቃም» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት ነው፣ አይበቃም። ለቤት ኪራይና ለልጆች ወተት ከፍሎ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ነገር ግን ይጨመርልኝ ብሎ ባለቤቱን ፊት ለፊት መጠየቅ ሐላል ነው፤ በደረሰኝ መውሰድ ግን ስርቆት ነው። የጋራዥ ባለቤቶችም ብትሆኑ፣ የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ክፍያው እንዲሰጠው መታዘዙን አትርሱ። ደመወዝ እያዘገዩ አማና የሚጠይቁ ሐጂዎች አጋጥመውኛል፤ አላህ ይምራቸው።

በነገራችን ላይ፣ ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ። በዘይት በቆሸሸ ቱታ መስገድ ይቻላል ወይ? ዘይትና ናፍጣ ቆሻሻ እንጂ ነጃሳ አይደሉም። ለውዱእ ግን ውኃ ቆዳ እንዳይነካ የሚጋርድ ግራሶ እጅ ላይ ካለ መልቀቅ አለበት፤ ቀለሙ ብቻ የቀረ እንደሆነ ችግር የለውም። ስለዚህ ዙህርን በግራሶ እያሳበቡ እስከ ማታ ማቆየት ምክንያት አይሆንም። ሳሙናና ጨርቅ በአቅራቢያ ማስቀመጥ በቂ ነው።

ሌላው ፈተና ከመኪና ባለቤት ይመጣል። ሸራው አልቋል ስንለው፣ «ለዚህ ጉዞ ብቻ አጥብቀህ ልቀቀው» ይላል። በገበያ ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ እህል የሸጠውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዴት እንደገሠጹት እናስታውስ። እዚህ ግን የሚታለለው ገዢው አይደለም፤ ባለቤቱ ያውቃል፣ መካኒኩ ያውቃል። የማያውቀው መንገድ ላይ ያለው ሰው ነው። እርሱ ስላልፈቀደ የባለቤቱ ፈቃድ ለእኔ ማስረጃ አይሆነኝም። አንድ ደንበኛችን በዚህ ተቆጥቶ መኪናውን ወደ ሌላ ጋራዥ ወስዷል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው።

መኪና ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መካኒካችሁን በጥርጣሬ አታስጨንቁት፤ የወለቀውን ዕቃ ግን አሳየኝ በሉት። እኔ አሮጌውን ሸራ ከአዲሱ ጎን አስቀምጬ ውፍረቱን ለሾፌሩ አሳየዋለሁ። ከዚያ ደረሰኙን ጨምሬ በካርቶን አድርጌ ጋቢና ውስጥ አስቀምጥለታለሁ።