ደባርቄው አናጢ በጎርጎራ

ደባርቅ ውስጥ አንድ አናጢ ነበረ። ባሕር ዛፍ ሲያቆም፣ በርና መስኮት ሲገጥም ያረጀ ሰው ነው፤ ጀልባ ግን ረግጦ አያውቅም። ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ላይ፣ ትንሽ የእንጨት ጀልባ ያለው አንድ ወጣት «ወለሏ በስብሷል፤ መጥተው ይሥሩልኝ» ብሎ ላከበት።

አናጢው ከመውረዱ በፊት ተለማማጁን ጠራና «ኮምፔርሳቶ ከሚሸጡት ዘንድ ሄደህ ከየዓይነቱ አንዳንድ ቁራጭ ለምነህ አምጣ» አለው። ሦስት ቁራጭ መጣ። ድስት ተጣደ፤ ሙጫቸው ውሃ ይችል እንደሆነ ሊታይ ሦስቱም ተቀቀሉ። ልጁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊያወጣቸው ሲል አናጢው ከለከለው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ውሃው የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ባቄላ የቀቀለች የደባርቅ ሴት ሁሉ እሳቱን ለምን እንደምታቆይ ታውቃለች። «ጨምርበት» አለ።

አንደኛው ፊቱ የሚያበራ፣ ቀይ ዳማ ነበር፤ ድስቱ ውስጥ ገጽ በገጽ ተላቅቆ ተንሳፈፈ። ሁለተኛው ሳይላቀቅ ወጣ፤ በመጋዝ ሲቆረጥ ግን መሀሉ ላይ የቢላ ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ተገኘበት። እዚያ ውሃ ገብቶ ይተኛል። ሦስተኛው ጉጥ የበዛበት፣ መልከ ጥፉ ነበር፤ ሙጫው ግን በየገጹ መካከል ጠቆር ያለ መስመር እንደሠራ፣ እንደ ነበረው ወጣ። አናጢው የዚህን 12 ሚሊ ሜትሩን ገዛ።

በዳባትና በጎንደር አድርገው ጎርጎራ ሲደርሱ ባለጀልባው ጉጡን አይቶ ቅር አለው። የመንደሩም ሰው «ከሊማሊሞ አፋፍ የመጣ ሰው ስለ ውሃ ምን ያውቃል?» እያለ ሳቀ።

አናጢው አሮጌውን ወለል ፈነቀለ። የጀልባዋ ሆድ ደህና ነበር፤ ጣና አልገባባትም። የበሰበሰው ወለሉ ብቻ ነው፣ ያውም ከሥሩ። የክረምት ዝናብ በጠርዙ ሾልኮ ወርዶ፣ በወለሉና በሆዷ መካከል መውጫ አጥቶ ከርሟል። አናጢው ይህን በሽታ ከአገሩ ያውቀዋል፤ የአጥር ባሕር ዛፍ ቀድሞ የሚበሰብሰው አፈር ውስጥ በጠለቀው በኩል አይደለም፣ ፀሐይ በሚያገኘው ጫፉም አይደለም። መሬቱን ለቆ ብቅ በሚልበት፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይሰበራል።

ኮምፔርሳቶውን ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። የመጀመሪያውን ቫርኒሽ በቲነር አቅጥኖ እንጨቱ እስኪጠግብ አጠጣው፤ ከዚያ ወፍራሙን ደረበ፣ ከላይም ከታችም እኩል። እንጨት ይበልጥ ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው አፉ ስለሆነ ገጹን ሦስት ጊዜ ሲቀባ ጠርዙን አምስት ጊዜ ቀባ። ተለማማጁ ሳይደርቅ ሊደርብ ቢቸኩል ብሩሹን ከእጁ ቀማው።

በመጨረሻ ግን ወለሉን አልመታውም። በሦስት ከፍሎ፣ በቀጫጭን አጣናዎች ላይ አጋድሞ፣ በእጅ እንዲነሣ አድርጎ አስቀመጠው።

«ዝጉልኝ ብዬ ብከፍል ከፍተው ሰጡኝ!» አለ ባለጀልባው።

«እንጨቱን ዘግቼዋለሁ፣ ልጄ። ወለሉ ግን ይነሣ። ዝናብ በመጣ ቁጥር አውጣና አድርቀው፤ ሥሩንም ጥረገው።»

ከተሰበሰበው ሰው አንድ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከሐይቅ ሲመለስ ዳር ላይ ቆሞ ፀሐይ ይመታዋል፣ ሳይደርቅ የተመለሰ ዕድሜ የለውም። «ይኼ ሰውዬ የውሃ ሰው ነው» አሉ።

ወለሉ ታዲያ በተረገጠ ቁጥር ይንኳኳል። ተሳፋሪ አላገጠበት። አናጢው በሄደ በሳምንቱ ባለጀልባው መዶሻ አነሣና ዙሪያውን በምስማር መታው። ያ ሁሉ ልባስ በየምስማሩ ተበሳ፤ የሚነሣው ወለልም አልነሣ አለ። ኳኳታው ቀረ፤ ተሳፋሪውም «አሁን ገና ጀልባ ሆነች» ብሎ አመሰገነ። ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ የአንድ ተሳፋሪ እግር ወለሉን ሰብሮ ገባ።

አናጢው ተመልሶ መጣ። ምስማሮቹን ሲነቅል በእያንዳንዱ ዙሪያ እንጨቱ ጠቁሮ፣ ለስልሶ አገኘው። አልተቆጣም። አዲሱን ወለል እንደ ፊተኛው ቀቅሎ መርጦ፣ እንደ ፊተኛው ቀብቶ፣ እንደ ፊተኛው ሳይመታ አጋደመው።

«ጋሼ፣ የእጅዎን ስንት ልክፈል?»

«የእንጨቱንና የቫርኒሹን ክፈል። ለእጄ መዶሻህን ስጠኝ።»

ወጣቱ ሳቀ። አናጢው አልሳቀም።

መዶሻው አሁን ደባርቅ ነው ያለው። ተለማማጁ በር ሲገጥም ይሠራበታል፤ እጀታው ትንሽ ላልቷል ይላል።