ዐዋቂ ሁሉ መምህር ነውን?

ታሪክን፥ ቋንቋን ወይም ጂኦግራፊን በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሉ ይጠይቁኛል፤ «ዲግሪዬን ከያዝሁ ዕውቀቱ አለኝ፤ ታዲያ ለማስተማር ሌላ ሥልጠናና ሌላ ፈቃድ ለምን ያስፈልገኛል?» ጥያቄው የጊዜና የገንዘብ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የኅሊና ጥያቄ ነው። ምክንያቱንም ከራሴ ጥፋት ጀምሬ እነግራችኋለሁ።

ያደግሁት ነገሌ ቦረና ከተማ ነው። ፊደልን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ቈጥሬ፥ በዩኒቨርሲቲም ታሪክ ተምሬ፥ በ1975 ዓ.ም. በአንዲት የቆላ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ተመደብሁ። ስለ ማስተማር ዘዴ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተማርሁም ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ የከብት አርቢ ልጅ ነበር። በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ሲሆን፥ እኔ የምጠይቀው ግን በሌላ ቋንቋ ነበር። አንድ ቀን የነገሥታትን ዘመን በተራ እንዲናገር ባዘው ዝም አለ። እኔም በጓደኞቹ ፊት «ደንቆሮ» ብዬ ሰደብሁት። ሳምንት ሳይሞላ ደብተሩን ጥሎ ወደ ከብቶቹ ተመለሰ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አባቱን በገበያ ቀን አገኘኋቸውና ስለ ልጁ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ሳይቈጡ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ ዲዳ አይደለም፤ የአባ ገዳዎችን ስም ከአያቱ ሰምቶ በተራ ይቈጥራል፤ በማን ዘመን ድርቅ እንደ ነበረ፥ በማን ዘመን ጦርነት እንደ ነበረ ያውቃል።» የቦረና ሕዝብ በየስምንት ዓመቱ በሚለወጠው የገዳ ሥልጣን ዘመኑን እየቈጠረ ታሪኩን በቃል ይጠብቃል። እኔ የታሪክ መምህር ተብዬ፥ የታሪክ ዐዋቂን ልጅ ከታሪክ ክፍል አባረርሁ። «አንተስ ምን ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ልጁ ባልጠፋ ነበር። አባቱን ይቅርታ ለመንኋቸው፤ ልጁ ግን አልተመለሰም።

ሐኪም ቢሳሳት ሕመምተኛው ይጮኻል፤ ሕንፃ የሚሠራ ቢሳሳት ግድግዳው ይሰነጠቃል። መምህር ሲሳሳት ግን የተጐዳው ልጅ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ መምህሩም ያ ልጅ ሰነፍ ነበረ ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ፈቃድና ሥልጠና ለመምህር ያስፈልጋሉ እላለሁ። ስሕተታችን በሌላ ልምድ ባለው መምህር ዐይን ፊት አስቀድሞ ይታረም ዘንድ ነው።

«ፈቃድ ያለው ክፉ መምህር፥ ፈቃድ የሌለው ደግ መምህር የለምን?» ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ዲግሪ ከመስጠቱ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። እኔንም ከእነዚያ አንዱ አስተምሮኛል፤ ገና ተማሪ ነበረ፤ ግን ያልገባንን ሳናፍር እንድንነግረው ይለምነን ነበር። ፈቃድ ፍቅርን አይሰጥም። ፍቅርም ብቻውን ቢሆን ልጅ የማያውቀውን ከሚያውቀው ጋር እንዴት እንደሚያያይዙለት አያስተምርም። አንዱ ሌላውን አይተካም።

በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው መንገድ፥ በአንድ የትምህርት ዐይነት የተመረቀ ሰው ከዲግሪው በኋላ አንድ ዓመት የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ ይማር ነበር። ትምህርት ሚኒስቴርም የመምህራንን ብቃት በጽሑፍ ፈተናና በማኅደረ ተግባር መዝኖ ፈቃድ የሚሰጥበትን ሥርዐት ዘርግቷል። መንገዱ ሊለዋወጥ ይችላል፤ የእናንተ ዝግጅት ግን እርሱን መጠበቅ የለበትም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፥ ሳይዘጋጁ ለደመወዝ መሮጥ ትርፉ ጸጸት ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፥ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳላችሁ ጀምሩ። በክረምት የጎረቤት ልጆችን ሰብስባችሁ አስጠኑ። ካረጀ መምህር ክፍል ገብታችሁ በኋለኛው ወንበር ተቀመጡና እርሱን ሳይሆን ልጆቹን ተመልከቱ። ከምትሄዱበት አገር ቋንቋ ጥቂት ተማሩ። እኔ ይህን ሁሉ የተማርሁት በክረምት ሥልጠና፥ ዘግይቼ ነው። የመዘግየቴን ዕዳ የከፈለው ግን እኔ አይደለሁም፤ ያ ዝም ያለው ልጅ ነው።