«ጠፍቷል» ብለን የተውነው እሳት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1991፣ ቅዳሜ፣ ከኦክላንድ በላይ ባለው ኮረብታ የሣር እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው አጠፉት። በማግስቱ እሑድ ረፋድ ላይ ዲያብሎ የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከምሥራቅ ሲነፍስ፣ ከአመድ ሥር የቀረውን ረመጥ ቀሰቀሰው። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ብቻ 790 ሕንፃዎች ነደዱ። በመጨረሻ 25 ሰው ሞቶ፣ ከሦስት ሺህ በላይ መኖሪያ ወድሞ ነበር። ቻሪንግ ክሮስ በምትባል ጠባብ መንገድ ላይ መኪኖች ተቆላልፈው ሰዎች መውጫ አጡ፤ ሊያወጣቸው የገባው የኦክላንድ ፖሊስ ጆን ግሩበንስኪም አብሯቸው ቀረ። ከጎረቤት ከተሞች ለእርዳታ የመጡት ደግሞ ቱቧቸው ከኦክላንድ የውኃ መቅጃ ጋር አልገጥም አላቸው፤ የከተማው አፍ ሦስት ኢንች፣ የእነርሱ ሁለት ተኩል ነበር። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ማስተካከል የማን ሥራ ነበር?

ከዚህ በኋላ ይህች ከተማ ትተኛለች ብሎ የሚያስብ አይኖርም። ግን ተኛች። እ.ኤ.አ. በ2004 የኮረብታው ባለ ቤቶች በዓመት 65 ዶላር እንዲያዋጡ ተደርጎ፣ በገንዘቡ ደረቅ ቁጥቋጦ ይመነጠር፣ ፍየል ተሰማርቶ ሣሩን ይግጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መዋጮው ይታደስ ሲባል የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጣ። በዓመት ከመቶ ዶላር በታች ለሆነ ገንዘብ፣ ያውም ሰው በሞተበት ኮረብታ ላይ! እንዲህ ያለ መዋጮ እንደገና የጸደቀው በኖቬምበር 2024 ነው፤ እርሱም በኬለር ጎዳና አቅራቢያ ሰደድ እሳት ደጃፍ ድረስ መጥቶ ካስደነገጠ ከሳምንታት በኋላ።

ባሕር የከበበው ደሴት እንኳ አልተረፈም። በሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ላይ የስኳር እርሻዎች ሲዘጉ መሬቱ ጦም አደረ፤ ከውጭ የገባ ረጅም ሣር ወረሰው። ኦገስት 8 ቀን 2023 ጠዋት ላሃይና ውስጥ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የተነሣ እሳት ጠፋ ተብሎ ሠራተኞቹ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ያው እሳት ተቀስቅሶ 102 ሰው ፈጀ። ሳይረንም አልጮኸም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ወደ ምሥራቅ ቤይና ወደ ሳን ሆዜ ሀበሾች። በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራራ ሲነድ ጠፋ የተባለው እሳት እንደገና ተነሥቶ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ከዚህ ሆነን አለቀስን፤ መንግሥት አስቀድሞ ምን ይሠራ ነበር ብለን ወቀስን። ወቀሳችን ትክክል ነበር። ታዲያ በራሳችን ግቢስ?

ባሕር ዛፍን ለእኛ ማን ያስተምረናል? እናቶቻችን ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው ያወረዱት ቅጠል ነው ምጣዱን ያጋለው። ከምጣዱ ሥር ሲገባ ዘይቱ እየተንጣጣ እንዴት ቦግ እንደሚል ዐይተን አድገናል። ያው ዛፍ በኦክላንድ ኮረብታ ላይ ቅርፊቱን እንደ ጨርቅ እያንጠለጠለ ቆሟል፤ ነፋስ ሲመጣ የነደደው ቅርፊት ተቦጭቆ ራቅ ያለ ጣራ ላይ ያርፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቅጠሉ አሸንዳውን እስኪሞላው ዝም ሲል፣ አላወቅሁም የሚል ምክንያት የለውም።

ቤት የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ እየገሰገሰ የሚመጣው ነበልባል አይደለም፤ ቀድሞት የሚበረው ፍም ነው። አሸንዳ ውስጥ፣ ከበረንዳ ሥር፣ ከግድግዳው ሥር በተከመረ ማገዶና ደረቅ ቅጠል ላይ ያርፋል። ከግድግዳው እስከ አምስት ጫማ ድረስ የሚነድ ነገር እንዳይኖር ባለሙያዎች ይለምናሉ። መሰላልና መጥረጊያ የሚጠይቅ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። እኛ ግን ሠርግና ክርስትና ላይ ሌሊት ድረስ ቆመን ወንበር እንደረድራለን፣ ጎረቤታችን በእኛ ቅጠል እንዳይቃጠል ግን ግማሽ ቀን አናገኝም። ግቢህ ውስጥ የጀመረ እሳት ከአጥርህ አይቆምም፤ የቸልታህን ዋጋ የሚከፍለው ከጎንህ የተኛ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ኃጢአት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

የሳን ሆዜ ሰዎችም እኛ ሜዳ ላይ ነን አትበሉ። በኦገስት 2020 መብረቅ የለኮሰው እሳት ከከተማችሁ በስተ ምሥራቅ ወደ 400,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት በልቷል፤ ጭሱ ልጆቻችሁን እንዳይጎዳ መስኮት ዘግታችሁ የሰነበታችሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሽማግሌዎቹ ነገር ነው። እናቱን ከአገር ቤት አምጥቶ፣ ልጆቹን አስይዞ፣ ቀኑን ሙሉ ለብቻዋ ኮረብታ ላይ ትቷት የሚሄድ ስንት አለ? «ውጡ» የሚለው መልእክት በስልክ ሲመጣ በማታነበው ቋንቋ ይመጣል። መኪና አትነዳም። የቤቱን የመልቀቂያ ቀጠና ቁጥር አታውቅም፤ አንተም አታውቀውም። ወገኔ፣ በአላሜዳ ካውንቲ ከሆንክ ለኤሲ አለርት፣ በሳንታ ክላራ ከሆንክ ለአለርት ኤስሲሲ ስልክህን ዛሬ አስመዝግብ። የቀጠናውን ቁጥር በአማርኛ ጽፈህ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፍላት። በየትኛው መንገድ በእግር እንደምትወርድ፣ የትኛውን ጎረቤት እንደምታንኳኳ፣ ሰዎቹን በስም አስተዋውቀህ፣ አብረሃት ወርደህ አሳያት። ነፋሱ የሚመጣው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ አንተ ሥራ ላይ መሆንህን አይጠብቅም።