ማስረጃው ምንድን ነው?

ልጃችሁ አደንዛዥ ዕፅ ይዞ ተገኘ ተብሎ ታሰረ የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወገዳ ቢደርሳችሁ በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ በኀፍረት ይሰበርና «እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም» ይላል። ሌላው በሬውን ሸጦ ጉዳይ የሚያስጨርስ ሰው ፍለጋ ይወጣል። «ማስረጃው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እንዲያውም ይህን የጠየቀ ሰው በደል ሊሸፍን የፈለገ ተደርጎ ይታያል። «ሠርቶ ከሆነ ይመን፤ ካልሠራ አላህ ያወጣዋል» ይባላል። አነጋገሩ የኢማን ይመስላል። ነገር ግን መጠየቅ ያለብንን ሳንጠይቅ ሁሉን ለአላህ ትተን መቀመጥ ተወኩል አይደለም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገደኛ ባዶ እጁን አይሄድም። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ደብዳቤው «ለእገሌ አድርስልኝ» ተብሎ ይሰጠዋል፤ እሱም አማና ነው ብሎ ይቀበላል። አንድ ወጣት አውቶቡስ ተራ ላይ ከሚያውቀው ሰው ማዳበሪያ ተቀበለ እንበል። ኬላ ላይ ሲፈተሽ ከበርበሬው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል ተገኘ። ዕቃው በእጁ ነው፣ ምስክሩ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ነው። ታዲያ ነገሩ አለቀ?

አላለቀም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ መያዝንና ማዘዋወርን በጽኑ እስራት ይቀጣል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 23 አንድ ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊው፣ ግዙፋዊውና ሞራላዊው ፍሬ ነገር አንድ ላይ ሲገኙ ነው ይላል። ማዳበሪያው በእጁ መገኘቱ ግዙፋዊው ነው። ያውቅ ነበር ወይ? የሚለው ሞራላዊው ነው፤ ይህን ደግሞ ማዳበሪያው አይናገርም። ዐቃቤ ሕግ ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። ማን አስጫነው? የጭነቱን ማን ከፈለ? ሲፈተሽ ምን አለ፣ ምን አደረገ? ከላኪው ጋር ከዚያ በፊት ምን ተነጋገረ?

ቅጠሉም ቢሆን በዓይን ታይቶ ብቻ የሚፈረድበት ነገር አይደለም፤ ተመርምሮ ምንነቱ መታወቅ አለበት። የተመረመረው ኬላ ላይ የተያዘው ራሱ ለመሆኑስ ማን ዋስ ነው? ማን መዘነው? ማን አሸገው? ማን ፈረመበት? በኬላው ወረቀት ላይ የተጻፈው ክብደት ከምርመራው ወረቀት ጋር ይገጥማል? ይህን መጠየቅ ተንኮል የሚመስለው ካለ ዕቃውን የያዘው ፖሊስም አማና እንዳለበት ዘንግቷል።

ቀኖቹንም ማወቅ ይጠቅማል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ተገቢ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ከመኪና መንገድ ርቆ ለተያዘ ሰው ይህች ሐረግ ቀላል አይደለችም። ያለመናገር መብት አለው፤ ተገዶ የሰጠው ቃልም ማስረጃ አይሆንም። አንቀጽ 20 ደግሞ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት ይሰጠዋል። ጠበቃ መቅጠር አቅቶት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነም መንግሥት ያቆምለታል።

እጅግ የሚያሳዝነው በእምነት ክህደት ቀን የሚሆነው ነው። ዳኛው ክሱን አንብበው ሲጠይቁ ልጁ «አዎ፣ ይዤ ነበር» ይልና ያቆማል። «ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር» የሚለው በድንጋጤ ጉሮሮው ውስጥ ይቀራል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አምኗል የሚለው የክሱን ፍሬ ነገር ሁሉ ያለ ማወላወል የተቀበለውን ነው። ዕቃ መያዝን ማመን ወንጀልን ማመን አይደለም። ይህን ለልጁ አስቀድሞ የነገረው ከሌለ በእውነተኛ ቃሉ ሐሰት ይመዘገብበታል።

ማስረጃ የማይጠየቅበት ዘመን ምን እንደሚመስል አባቶቻችን አይተውታል። ሌባ ሻይ በሚባለው ሥርዓት ለአንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ይሰጠውና እየተንገዳገደ ሲሄድ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። (ያኔ ዕፁ ራሱ ምስክር ነበር ማለት ነው!) በአፈርሳታም አገሬው ሁሉ ጥፋተኛው እስኪወጣ ከሥራው ተከልክሎ ይውል ነበር። በሸሪዓችንም ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ነው። ማዒዝ ራሱ መጥቶ ሲናዘዝ እንኳ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደጋግመው ፊታቸውን እንዳዞሩበት በሐዲስ ተዘግቧል።

«እንግዲያውስ ሐሺሹን አውቆ የያዘውም ይህን እየጠየቀ ሊያመልጥ ነው?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ሊያመልጥ ይችላል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን ከዳኛ ማምለጥና ንጹሕ መሆን አንድ አይደሉም። ኡሙ ሰለማ ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርሳቸውም በሰሙት ልክ እንደሚፈርዱ፣ በንግግር ችሎታው የወንድሙን ሐቅ የተፈረደለት ሰው የእሳት ቁራጭ እንደተሰጠው አስጠንቅቀዋል። ሐዲሱ ስለ ሰው ሐቅ ነው፤ በነፃ ተሰናብቶ የወጣ ጥፋተኛም ግን ራሱን ሊጠይቅበት ይገባል።

አሁን ከባዱን ነገር እንየው። ልጃችሁ ወህኒ ቤት ልትጠይቁት ስትሄዱ ቀስ ብሎ «አባባ፣ አውቄ ነው» ቢላችሁስ? በእኔ አስተያየት እሱ ዝም ማለት ይችላል፤ ጠበቃው የዐቃቤ ሕግን ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ መፈተን ይችላል፤ እናንተም ስንቅ ማድረስ አለባችሁ። «ያን ቀን ከእኔ ጋር ነበር» ብላችሁ መመስከር ግን አትችሉም። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 135ኛ አንቀጽ በራስ፣ በወላጅና በዘመድ ላይ እንኳ ቢሆን በሐቅ መመስከርን ያዛል። የሐሰት ምስክር አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ አይመጣም፤ ከዘመድና ከጎረቤት ይለመናል። የተለመነውም ሰው «አላየሁም፣ አልመሰክርም» ቢል ቡና መጠራራት ሊቀር፣ በሠርግና በለቅሶ ፊት መዞር ሊመጣ ይችላል። እንደ ወገዳ ባለ ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ትንሽ ዋጋ አይደለም። ሆኖም እንዲህ ያለው ጎረቤት ደጃችሁን ሲያልፍ ቀድማችሁ ሰላም በሉት።