መድኃኒቱን የደበቀስ?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ተረቱ የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የምሻው ግን ተረቱ ያላየውን ወገን ነው፤ መድኃኒቱን የደበቀስ? አእምሮው የታወከ ሰው «እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ክኒናችሁንም አልውጥም» ባለ ጊዜ ቤተሰቡ ክኒኑን አድቅቆ በወጥ ወይም በሻይ ቢሰጠው፣ ደግ ሠራ ይባላል ወይስ በደለ?

ነገሩ ለክርክር ያህል የተፈጠረ እንዳይመስልህ፣ አንባቢ ሆይ። በየሰፈሩ ያለ ነው። ልጇ ሌት ተቀን ከማይታይ ሰው ጋር ሲሟገት የሰነበተባት እናት፣ በሐኪም የታዘዘውን ሃሎፔሪዶል በሙቀጫ ትወቅጥና ከሽሮው ጋር ታዋህደዋለች። ልጁ ይበላል። ሳምንታት ሲያልፉ ሙግቱ ይበርዳል፣ እንቅልፉ ይመለሳል፣ ገላውን ይታጠባል። «ተመስገን» ትላለች። ታዲያ ፍልስፍና ተማርኩ ብሎ በዚች ሴት ላይ ጣቱን የሚቀስር ማነው?

አስቀድመን የእሷን ወገን አጥብቀን እንያዝ። ያ ክኒን ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መግቢያ ድረስ፣ በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ለከባድ የአእምሮ ሕመም ይሰጥ የነበረው ወይ የተቆለፈ ግቢ፣ ወይ በኢንሱሊን ራስን እስከ መሳት ማድረስ፣ ወይ አንጎልን በመሣሪያ መቁረጥ ነበር፤ ለዚህ ለመጨረሻውማ ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በ1949 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። በ1952 ዣን ዴሌና ፒየር ዴኒኬር የተባሉ ሐኪሞች ፓሪስ በሚገኘው ሳንት አን ሆስፒታል ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን ይፋ ካደረጉ በኋላ ነው፣ ብዙ ሰው ወደ ቤቱ የመመለስ ተስፋ ያገኘው። በእኛም አገር ለብዙ ቤተሰብ ምርጫው በክኒንና በነጻነት መካከል አይደለም፤ በክኒንና በሰንሰለት መካከል ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ለአእምሮ ሕክምና ብቻ የቆመ ብቸኛ ሆስፒታል ሆኖ በኖረበት አገር፣ ከሩቅ ገጠር ያለ ሰው ልጁን ከምሰሶ ጋር ቢያስር ከጭካኔ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ደግሞም የበሽተኛው «እምቢ» የማን እምቢ ነው? መታመምን አለማወቅ ራሱ ብዙ ጊዜ የዚህ ሕመም አካል ነው። ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነጻነት ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ አለው። ሊናድ የደረሰ ድልድይ ላይ ሳያውቅ የሚራመድን ሰው፣ ለማስጠንቀቅ ጊዜ ከሌለ፣ ይዘህ ብትመልሰው ነጻነቱን አልነካህም፤ ሰውየው ወንዝ ውስጥ መውደቅን አልፈለገምና። እናትየዋም «ልጄ ማበድን መች ፈለገ?» ብትል፣ ከሚል ጋር ቆማ ትከራከራለች ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ የጸና ይመስላል። ዳሩ ግን ድልድዩ ላይ የተያዘው ሰው ማን እንደያዘው ያያል። ዞር ብሎ «ምነው?» ይላል፤ ይነገረዋል። በሽሮ ውስጥ ክኒን የበላው ግን ማንንም አያይም፣ ምንም አይጠይቅም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህም ሦስት ነገር ይወለዳል።

አንደኛ፣ ይህ ሕመም ከሚያመጣቸው ፍርሃቶች አንዱ «ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምሩብኛል» የሚል ነው። ትናንት ይህ ቅዠት ነበር። ዛሬ እኛው እውነት አደረግነው! አንድ ቀን የክኒኑን ስባሪ ጥርሱ ላይ ቢያገኘው፣ ከበሽታው ጋር ሲከራከሩ የኖሩት ሁሉ ተረቱ፤ በሽታው ልክ ነበር፣ እናቱ ዋሽታለች። ከዚያ በኋላ ከማን እጅ ይብላ?

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ዋጋ ያስከፍላል። ሃሎፔሪዶል ጡንቻን ሊያገትር፣ እጅን ሊያንቀጠቅጥ፣ መቀመጥ እስኪያቅት ሊያቁነጠንጥ ይችላል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ለሐኪሙ ይናገራል፤ መጠኑ ይቀነስለታል። የማያውቀው ግን ሰውነቱ ከዳው እንጂ መድኃኒት ነው አይልም። ሊቲየምን ተመልከት፤ አውስትራሊያዊው ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ጥቅሙ የጻፈለት፣ የስሜትን መናርና መውደቅ የሚያረጋጋ ጨው ነው። በሚያድነው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ በደም ምርመራ መከታተልን ይጠይቃል። ተቅማጥ ቢይዘው ወይም በሐሩር ውሃ ሳይጠጣ ቢውል በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ሊያሻቅብ ይችላል። እንግዲህ ሊቲየም እየወሰደ መሆኑን ያላወቀ ሰው ራሱን ከምን ይጠብቃል?

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው። ልጁ ዳነ እንበል። የዳነው ማነው? እሱ እንደሚያውቀው ነገሩ በራሱ ጊዜ መጣ፣ በራሱ ጊዜ ሄደ። ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ቢሄድ ሽሮውን የሚሠራለት የለም፤ መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። በድብቅ የተሰጠ ጤና ለባለቤቱ ያልተላለፈ ርስት ነው፤ ይኖርበታል እንጂ አያዝበትም።

«ታዲያ ሰንሰለቱን ትመርጣለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልመርጥም። ግን መንገዱ ሁለት ብቻ ነው ያለው ማነው? ሕይወት አደጋ ላይ በወደቀ ሰዓት በሐኪም እጅ፣ በግልጽና ለአጭር ጊዜ የተደረገ ማስገደድ ያማል፤ ቢሆንም በሽተኛው ሊቆጣበት፣ ሊከራከርበት፣ በኋላም ሊጠይቅበት የሚችል ነገር ነው። ሲረጋጋም በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሰለቸው በየጥቂት ሳምንቱ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ይህም ቢሆን አውቆት የሚወስደው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የረጅም ጊዜ የአእምሮ ችግር ያለባቸውንም ሰዎች ያጠቃልላል፤ በሕግ ፊት እንደማንኛውም ሰው ችሎታ እንዳላቸው፣ በዚህም ችሎታ ለመሥራት ድጋፍ እንደሚገባቸው ይናገራል። ድጋፍ ማለት ደግሞ በሰው ፋንታ መወሰን አይደለም፤ እንዲወስን ማገዝ ነው።

በሆሜር ታሪክ ኦዲሴዎስ የሚያፈዝ ዘፈን ወዳለበት ባሕር ሲቃረብ መርከበኞቹን «ከምሰሶው ጋር እሰሩኝ፤ ፍቱኝ ብላችሁም አጥብቁት» ብሏቸዋል። እሱም ታሰረ፣ የእኛም ሰው ታሰረ፤ ምሰሶ ምሰሶ ነው። ልዩነቱ ኦዲሴዎስ ገመዱን ያዘዘው ራሱ መሆኑ ነው። እኛም ብዙውን ጊዜ የምንረሳው ይህን ነው። ይህ ሕመም ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በሄደበት ወራት አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ተመልሶ ቢመጣብህ ምን እናድርግ? ማንን እንጥራ? የትኛው መድኃኒት ተስማማህ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ሲታመም አይሰማም እንላለን፤ ሲድን ደግሞ «ዝም በል፣ አታስታውሰው» እንላለን። ታዲያ መቼ ነው የሚናገረው?

ጨርሶ የማይሻለውም አለ ትለኝ ይሆናል። አለ። ስለዚህም በእናትየዋ ላይ አልፈርድም፤ ሌላ እጅ ባጣች ጊዜ ያላትን ሰጥታለች። የሰጠችው ግን በብድር ነው፤ የተበደረችውም የልጇን ፈቃድ ነው። ማወቅ በሚችልበት በመጀመሪያው ቀን፣ ቢቆጣም ቢያለቅስም፣ ልትመልስለት ይገባል። ከእሷ ይልቅ ባለዕዳው ደግሞ እኛ ነን። በሽታውን ከጎረቤት ያስደበቃት የእኛ አፍ ነው፤ «እብድ» የምንላት አንዲት ቃል ናት። በሽታውን የደበቀ ቤት መድኃኒቱንም ቢደብቅ ምን ይገርማል?