ለመሆኑ ንጹሕ ማን ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ገርጂ በተከራየሁበት ግቢ ልብስ ይታጠባል። የኔም የሰልባጅ ሹራብ ተራውን ጠብቆ ሳፋ ውስጥ ይገባል። እጣቢው ወደ ቦይ ይደፋል፤ ከዚህ አካባቢ የሚነሣው ፍሳሽ ወንዝ ለወንዝ ሄዶ ትልቁ አቃቂ ይገባል። እኔም እሑድ ንጹሕ ለብሼ እወጣለሁ። ግን ለመሆኑ ንጽሕና ይህ ብቻ ነውን?

ሹራቤ አክሪሊክ ነው፤ ፕላስቲክ ማለት ነው። በታጠበ ቁጥር ለዓይን የሚያዳግቱ ክሮች ይረግፉለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የእንግሊዙ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ 6 ኪሎ የአክሪሊክ ልብስ አንድ ጊዜ በማሽን ሲታጠብ ከ700,000 በላይ ክር ሊያረግፍ እንደሚችል ገምቷል። የጥጥ ነጠላም ክሩ ይረግፋል፤ እሱ ግን ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። ፕላስቲኩ ይቆያል። ውኃው ውስጥ ባክቴሪያዎች ስስ የሚያሟልጭ ሽፋን ያለብሱታል፤ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ጋር የመጣ ቫይረስም እዚያ ይጠለላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የስኮትላንዱ ስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሮታቫይረስ በፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ በሐይቅ ውኃ ውስጥ እስከ 3 ቀን በሽታ የማስያዝ ኃይሉን ይዞ እንደሚቆይ አሳይተዋል። ሕፃናትን ተቅማጥ የሚያሲዘው፣ አገራችንም በ2006 ዓ.ም. ክትባቱን መስጠት የጀመረችለት ያው ሮታቫይረስ ነው። እርግጥ ሙከራው የተደረገው በጥቃቅን እንክብሎች እንጂ በሹራብ ክር አይደለም። ነገር ግን የሰው ልጅ ጤና ባለበት ጉዳይ፣ ለመጠንቀቅ የመጨረሻውን ማስረጃ መጠበቅ ይገባልን?

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው ሳቀብኝ። «ከተማው በሙሉ ሲደፋ፣ ያንተ ክር ምን ሊያመጣ?» አለኝ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንል የለም? ተረቱን ለመልካም ኅብረት ብቻ እንጠቅሰዋለን፤ ለጥፋትም ግን ይሠራል። ጥፋት ለብዙ ሰው ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል እንጂ አይሰረዝም። በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ሲለማ ኖሯል፤ ከታች የሚነካው ሰው ከላይ የደፋነውን አያውቀንም። እኛም አናውቀውም። ጲላጦስ እንኳ እጁን የታጠበው የሚፈረድበትን ሰው ፊት ለፊት እያየ ነበር።

ድኻው ሰልባጅ አይልበስ ማለቴ አይደለም፤ እኔም የምለብሰው አቅሜ እሱ ስለሆነ ነው። የፍሳሽ መስመር ዘርግቶ ማጣራትም የከተማ እንጂ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እስከዚያው ግን ሹራቤን ሲቆሽሽ ብቻ አጥባለሁ፤ እጣቢውንም በአሮጌ ነጠላ አጥልዬ እደፋለሁ። ነጠላው ሁሉን አይዝም። የያዘውን ሳይ ግን፣ የኔ አይደለም ብዬ መካድ አልችልም።