አውራ ጣት ሲለግም

ልጆቼ፣ ባለፈው ወር ያሳፈራችሁኝን ሳልናገር አላልፍም። አዳራሹን የሚያካፍለን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አረጋዊ ዲያቆን አርፈው ቀብረን ስንመለስ፣ ከእናንተ አንዱን «እስኪ አይል ፍላይ አወይን ምታላቸው» አልሁት። መግቢያውን በጊታሩ አሳምሮ መታው፤ የጣቶቹ ሩጫ ዓይን ያፈዝዛል። የሟች ባለቤት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሊዘምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጁ ቆመ። «ጋሼ፣ እስከዚህ ነው የማውቀው፤ ሌላ ልምታ?» ሌላውንም ጀመረ፤ እሱም መግቢያው ላይ አለቀ። አሮጊቷ መልሰው ተቀመጡ።

የሃያ መዝሙር መግቢያ ታውቃላችሁ፤ አንዱን ከዳር አታደርሱም። አልበርት ብራምሊ አይል ፍላይ አወይ የተባለውን መዝሙር ኦክላሆማ ውስጥ ጥጥ ሲለቅም የጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፤ የታተመው በ1932። ሦስት ዓመት ቆየበት፤ እናንተ ከስልክ ታብ፣ ያን ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ጽሑፍ፣ አውርዳችሁ ሦስት ቀን አትታገሡትም። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጨረሻ ዘመኑ ለጢሞቴዎስ የጻፈለት ሩጫውን ስለመፈጸሙ ነው፤ አነሣሡ ማማሩን ያወራበት ቦታ አላየሁም።

እኔ ጊታር የያዝሁት ጎልምሼ፣ በእኚሁ ዲያቆን እጅ ነው። ከቨርጂኒያ ደቡብ ምዕራብ ተራሮች፣ ከዘማሪዎቹ ከካርተር ቤተሰብ አገር የመጡ ሰው ነበሩ። ታክሲ ነድቼ ማታ ስገባ ማድ ቤታቸው ያስቀምጡኛል። ወር ሙሉ የሲ ኮርድ አስይዘው አውራ ጣቴን ብቻ አሠሩኝ፤ አምስተኛ ክር፣ አራተኛ ክር፣ አምስተኛ፣ አራተኛ። ቡናቸውን እየጠጡ ያዳምጣሉ። ስዛነፍ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ ኳ! ቀጥሎ ወሬ ያመጣሉ፤ «ባለቤትህ እንዴት ናት? ዛሬ ገበያ ነበረ?» ስመልስላቸው አውራ ጣቴ ከለገመ፣ ኳ! እንደገና። ዜማውን በአፌ እስከ መጨረሻው ሳልዘምር በጠቋሚ ጣቴ ቀጫጭኖቹን ክሮች አላስነኩኝም። አንድ ማታ እየመታሁ ስለ እናቴ ሞት አጫወትኋቸው። ጨርሼ ቀና ስል ስኒው በእጃቸው ላይ ቀዝቅዟል፤ ጣቴ አልቆመም ነበር።

ለስላሳ ነገር አነሣሁ ብላችሁ አትዘናጉ። የአይል ፍላይ አወይ ኮርድ ሦስት ብቻ ነው፤ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ። ጊታራችሁን ቃኙ፣ ቃና የሚያነሣውን ካፖ ለዘማሪው ድምፅ እንጂ ለጌጥ አትሰኩ። ሕፃን ሳለ ዓይኑ የጠፋው ጊታር መቺው ዶክ ዋትሰን በየትኛው ስክሪን ላይ ታብ አየ? በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ነበር ጊታሩን እንዲያ የሚያዘምረው። ስልኩን አልጠላሁም፤ መግቢያውን ሰጥቷችሁ ወደ ሌላ መግቢያ ስለሚወስዳችሁ ነው የምቆጣው። ይኸው ተመልሼ እዚያው ገባሁ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ቻሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጊታራችሁን ይዛችሁ ቤቴ ኑ። ስልክ በር ላይ ይቀራል። የዲያቆኑን ባለቤት ጠርቻቸዋለሁ፤ ስኒውንም ሰጥተውኛል።